የቡናው ገንዘብ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ የእኛ ተራ ነው

ይርጋጨፌ ላይ የተለቀመ ቡና ባሕር ተሻግሮ ዶላር ይሆናል። ዶላሩ ግን ወደ ይርጋጨፌ አይመለስም። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ በሠራው መመሪያ አንድ ላኪ ካገኘው መቶ ዶላር ሰባውን ለብሔራዊ ባንክ ያስረክብ ነበር። አሥሩ ላኪው ለሚሠራበት ንግድ ባንክ ይቀር፣ ሃያው በላኪው እጅ ይቆይ ነበር። ገበሬው የሚያየው ብር ነበር፤ እሱም በመንግሥት በተወሰነ ዋጋ ተመንዝሮ፣ ላኪውም አቅራቢውም ሰብሳቢውም ድርሻቸውን ካነሡ በኋላ የተረፈው ነበር። የተሰበሰበው ዶላር ለአገሪቱ ነዳጅ ገዝቷል፣ መድኃኒት ገዝቷል፣ ማዳበሪያ ገዝቷል። ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች ምድጃ ከደቡብ አፍሪካ ለረጅም ዓመታት ሲመጣ የኖረውን የድንጋይ ከሰልም ገዝቷል።

ከዲላ ተነሥቶ በወናጎና በይርጋጨፌ አልፎ እስከ ገደብ የሚሄድ ሰው ግራና ቀኙን የሚያየው እንሰት፣ ቡናና የጥላ ዛፍ ነው። እንዲህ ካለ አገር ተነሥቶ ስለ ድንጋይ ከሰል መጻፍ ምን አመጣው የሚለኝ ይኖራል። እኔ ግን የጌዴኦ ወጣት ዛሬ ሊያነሣው የሚገባው ትልቁ የጋራ ጉዳይ በዚሁ በከሰል በኩል ጎልቶ እንደሚታይ አምናለሁ። መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ፣ በሕዝብ ስም፣ በመንግሥት ድርጅት አማካይነት ከድንጋይ ከሰል ትልቅ ኢንዱስትሪ ለማቆም ያደረገው ከፍተኛ ሙከራ የተካሄደው በሌላ የቡና አገር፣ በኢሉባቦር ያዩ ነበርና። በዚያ የፈሰሰው ገንዘብ ከእኛም ጓሮ የወጣ ነው።

የያዩን ነገር በዝርዝር ላንሣው፤ የቡና ልጆች በቅጡ ልናውቀው ይገባልና። የያዩ ደን አረቢካ ቡና ማንም ሳይተክለው በዱር ከሚበቅልባቸው የዓለም ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። ነገ አዲስ በሽታ ቢነሣ ወይም ሙቀቱ ቢበረታ የዓለም ተመራማሪዎች መድኃኒት የሚሆን ዘር ፍለጋ ከሚሄዱባቸው ደኖች አንዱ እሱ ነው። በዚሁ ምድር ውስጥ የድንጋይ ከሰል አለ። ዕቅዱ ከሰሉን ቆፍሮ፣ ወደ ጋዝ ለውጦ፣ ከጋዙ ዩሪያ ማዳበሪያ ማምረት ነበር፤ በዓመት 300 ሺህ ቶን። ኤሌክትሪክም ታስቦ ነበር። ማዳበሪያ በሙሉ ከውጭ ለምትገዛ አገር ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በ2004 ዓ.ም. ግንባታው ከ10 ቢሊዮን ብር በሚበልጥ ውል ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ ለምንለው፣ ተሰጠ። ሜቴክ ያን ጊዜ ከተቋቋመ ሁለት ዓመት ገደማ ነበር፤ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ሠርቶ አያውቅም። አሠሪውም መንግሥት፣ ሠሪውም መንግሥት፣ አበዳሪውም የመንግሥት ባንክ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። አሠሪ፣ ሠሪና አበዳሪ አንድ አካል ሲሆኑ ከመካከላቸው ማን ማንን ይጠይቃል? የግል ባለሀብት ቢሆን ኖሮ ባንኩ ዋስትና ይጠይቀዋል፣ ሥራው ሲጓተት ብድሩን ይይዝበታል። በያዩ ግን የማስረከቢያው ጊዜ በተደጋጋሚ ተራዘመ፣ ወለዱ ተቆለለ፣ ደኑ ተመነጠረ፣ ገበሬዎች ከማሳቸው ተነሡ። ሥራው በግማሽ መንገድ ቀርቶ ውሉ ከሜቴክ ተወሰደ። ዛሬም ድረስ ከዚያ ከሰል የወጣ አንድ ኩንታል ዩሪያ ወደ ገበሬ አልደረሰም። የመንግሥት ድርጅቶች ዕዳ ባንኩን ሊያንቀው ሲደርስ፣ በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ የስኳሩም፣ የባቡሩም፣ የኬሚካል ኢንዱስትሪውም ዕዳ ወደ እሱ እንዲዛወር ተደረገ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ለመታደግ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ አጸደቀ። ይህ ዕዳ በሕዝብ ትከሻ ላይ ነው፤ የሚከፈለውም እናንተ ወጣቶች ሠርታችሁ ግብር በምትከፍሉባቸው ዓመታት ነው።

የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን በዩሪያ አያሳድግም። ማሳው የሚኖረው በቅጠሉ ብስባሽ፣ በእንሰቱና በጥላው ዛፍ ነው። እንግዲህ የያዩ ፋብሪካ ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ እንኳ የመጀመሪያው ተጠቃሚ የጤፍና የስንዴ አምራቹ ነበር። ይህ አያስከፋኝም። የአርሲ ገበሬ ስንዴ ቢበዛለት ዳቦው እኛም ቤት ይደርሳል፤ አገር ማለት ይህ ነው። የሚያስከፋኝ ሌላ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ሲያዋጣ የኖረው የቡና ገበሬ ገንዘቡ የት እንደደረሰ የሚነግረው አንድም ሰው ደጁን አንኳኩቶ አያውቅም። እኛ የተማርነው ልጆቹም አልነገርነውም።

የድሮዎቹ የየራሳቸውን ተራ ተወጥተዋል። በ1952 ዓ.ም. ሚጪሌ ላይ የተሰበሰቡት የጌዴኦ ገባሮች፣ ባለርስቱ ከቡናቸው የሚጠይቀው ድርሻ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን፣ ጦር ይዘው ጠመንጃ ፊት ቆሙ። ብዙዎች እዚያው ወደቁ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ ከለፋሁበት ምን ያህሉ የእኔ ነው? መልሱ እስኪመጣ አሥራ አምስት ዓመት ፈጀ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣ ጭሰኝነት አበቃ፤ አባቶቻችን በሚያለሙት ማሳ ላይ ጌታ የሌለባቸው ሆኑ። ይህን ያገኙት ያን ጊዜ ያልተወለድነውን እኛንም አስበው ነው።

መሬቱ ከባለርስት ሲወጣ ግን ገበያው ወደ መንግሥት ገባ። የደርግ መንግሥት የቡናን ንግድ በኢትዮጵያ ቡና ገበያ ኮርፖሬሽን እጅ አደረገው። ዋጋ የሚቆረጠው አዲስ አበባ ነበር፤ ከዓለም ገበያ ዋጋ ግማሹ እንኳ ለገበሬው አይደርስም ነበር። ልዩነቱ በቀረጥና በኮርፖሬሽኑ በኩል ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል፤ ከካዝናውም ለመንግሥት እርሻዎች፣ ለመንግሥት ፋብሪካዎችና ለጦርነት ይወጣል። ያ ዘመን ምንም መልካም ነገር አልነበረውም ማለቴ አይደለም። የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች በገጠሩ የተስፋፉት፣ የቡና ማሻሻያ ፕሮጀክት በአውሮፓውያን እርዳታ የተጀመረው ያኔ ነው፤ የታጠበ ይርጋጨፌ በዓለም ገበያ የያዘው ስም ከእነዚያ ጣቢያዎች ጋር የተያያዘ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን የመንግሥት ኢንዱስትሪን ሲደግፍ የኖረው የቡና ገበሬው ነበር። ድጎማ ሲባል ሁልጊዜ መንግሥት ለሕዝብ የሚሰጠው ብቻ ይመስለናል፤ በቡና አገር ግን ብዙ ጊዜ ፍሰቱ ወደ ሌላው አቅጣጫ ነበር።

ቀጥሎ የመጡት ደግሞ የራሳቸውን አደረጉ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወድቅ፣ ለቅሞ መሸጥ የለቃሚውን ሒሳብ እንኳ የማይመልስበት ጊዜ ሲመጣ፣ በዚያው በ1994 ዓ.ም. የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየንን መሠረቱ። ዛሬ ከ20 በላይ መሠረታዊ ማኅበራትና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት። ከዚያ የይርጋጨፌ ስም ጉዳይ መጣ። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ1997 ዓ.ም. ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ሲነሣ ስታርባክስን ከመሰለ ኩባንያ ጋር መጋፈጥ ነበረበት። በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ ተደረሰ። ይህን የማነሣው መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ ሲሠራ ሁልጊዜ ይበላሻል ለሚሉ ሰዎች መልስ ስለሆነ ነው። ጥቂት የሕግ ባለሙያዎች በመንግሥት ደመወዝ ተቀምጠው የአንዲትን ከተማ ስም ለባለቤቶቿ አስጠበቁ። ወጪው ከያዩ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ጥቅሙን ግን ማንም ገበሬ ሊያየውና ሊናገረው ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄው መንግሥት ይደግፍ ወይስ አይደግፍ የሚለው አይደለም። መንግሥት ካልገባ የማይሠራ ሥራ አለ፤ መንገድ፣ ምርምር፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ትልቅ ፋብሪካም ጭምር። ጥያቄው የሕዝብ የተባለው ንብረት ሕዝቡ የሚያየው፣ የሚጠይቀውና የሚያርመው ነው ወይ የሚለው ነው።

ይህን ሌሎች በዋጋ ተምረውታል። እንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድኖቿን እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1947 ወደ መንግሥት ስታዛውር በየጉድጓዱ ደጃፍ ሰሌዳ ተተከለ፤ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ማዕድን በሕዝብ ስም ይተዳደራል የሚል መልእክት ነበረው። ወደ 700 ሺህ የሚጠጉ ቆፋሪዎችና ሠራተኞች ነበሩ፤ ብዙዎቹ በደስታ ተቀበሉት። ነገር ግን ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሕዝብ ሒሳቡን የሚያይበት ወንበር አልተሰጠውም። ለዓመታት ኪሣራው ከበጀት ሲሸፈን ኖረ፤ ከዚያ አንድ ቀን ለንደን ላይ በቃ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው የአንድ ዓመት አድማ በሠራተኞቹ ሽንፈት ተጠናቀቀ፤ ጉድጓዶቹ ተራ በተራ ተዘጉ፤ የመጨረሻው ጥልቅ ማዕድን ኬሊንግሊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ተዘጋ። ከተሞቹ ግን እዚያው ቀሩ፤ ሥራ የሌላቸው ልጆችም እዚያው ቀሩ።

ጀርመኖችም ለከሰላቸው በአሥርት ዓመታት ውስጥ ከ100 ቢሊዮን ዩሮ በላይ አፍስሰዋል፤ ይህም ቀላል ስሕተት አልነበረም። ግን መዝጊያውን ቀድመው ዐቀዱት። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ፋውንዴሽን አቋቁመው የማዕድኑን ኩባንያ ሀብት በእሱ ሥር አደረጉ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ቦትሮፕ ላይ የመጨረሻው ጉድጓድ ሲዘጋ ፋውንዴሽኑ ዝግጁ ነበር። ከተሞቹ በተቆፈረ መሬት ላይ ስለተቀመጡ ውኃው ለዘላለም በፓምፕ መውጣት አለበት፤ ይህን በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ የሚፈጅ ሥራ የሚከፍለው ያ ፋውንዴሽን ነው። ገና ላልተወለደ ልጅ የሚቀረውን ወጪ ዛሬ ቆጥሮ፣ ገንዘቡን ዛሬ ለይቶ ማስቀመጥ ማለት ይህ ነው። ከጀርመን የምቀናው ለዚህ ነው።

እኛም የሚቀር ወጪ አለን፤ ያረጀው ቡናችን ነው። በጌዴኦ በብዙ ጓሮ ያለው ቡና አያት የተከለው ነው። ያረጀ ቡና በአንድ ዓመት ጥቂት ይሰጣል፣ በሚቀጥለው ያርፋል። መፍትሔው ይታወቃል፤ ጉንደላ ነው። ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆረጣል፣ አዲስ ቀንበጥ ይወጣል፣ ከቀንበጡ ጠንካራው ተመርጦ ይቀራል፣ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ቡናው በሙሉ ጉልበቱ ይመለሳል። ችግሩ በመካከሉ ያሉት ዓመታት ናቸው። በካሬ ኪሎ ሜትር ከ1000 ሰው በላይ በሚኖርባቸው ቀበሌዎች የአንድ ቤተሰብ ማሳ ከግማሽ ሄክታር ያንሳል። ያን ማሳ ጎንድሎ ሁለት ዓመት ያለ ቡና ገቢ ልጆቹን ምን አብልቶ፣ በምን ትምህርት ቤት ልኮ ይቆያል? ስለዚህ አይጎነድልም። ወይም ቡናውን ነቅሎ ባሕር ዛፍና ጫት ይተክላል። መስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር የሚፈርሰው እንዲህ ባለች ትንሽ የቤተሰብ ሒሳብ ነው።

የመንግሥት ድጋፍ መግባት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ጎንድሎ ለሚጠብቅ ቤተሰብ የሁለት ዓመት መሸጋገሪያ፤ ቡናው ሲመለስ በማኅበሩ በኩል ከእሸቱ ዋጋ ቀስ እያለ የሚመለስ ገንዘብ። በያዩ ከፈሰሰው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ኢትዮጵያ በ2017 በጀት ዓመት ብቻ ወደ 469 ሺህ ቶን ቡና ልካ 2.65 ቢሊዮን ዶላር አግኝታለች፤ እስከዚያ ድረስ በታሪኳ ከፍተኛው ነበር። ከዚህ ገቢ ለሥሩ የሚመለስ ድርሻ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ታዲያ ማን ይጠይቀው? የሚጠየቀውም በምን መልክ ነው? ጥሪዬ እዚህ ይጀምራል።

በዲላ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሕግ፣ ግብርና የተማራችሁ፤ ሥራ ይዛችሁ ሐዋሳና አዲስ አበባ ያላችሁ፤ ሥራ ፍለጋ ቤት የተቀመጣችሁም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ረቂቁ ከዚያ በፊት ምክር ቤት ይገባል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ሪፖርቱን ለምክር ቤት ያቀርባል፤ የትኛው መሥሪያ ቤት ያለ ደረሰኝ እንዳወጣ፣ የትኛው ፕሮጀክት እንደተጓተተ እዚያ ተጽፏል። እነዚህ ሰነዶች ምስጢር አይደሉም። ነገር ግን በይርጋጨፌ አንድ መሠረታዊ ማኅበር ጉባኤ ላይ ተነብበው አያውቁም፤ ቢነበቡም ከአማርኛ የቢሮ ቋንቋ ወደ ጌዴኡፋ የሚመልሳቸው ሰው ያስፈልጋል። አያታችሁ ኦዲት ማንበብ አይጠበቅባቸውም። የእናንተ ድርሻ ነው። በየማኅበሩ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተከፋፈሉና አንድ ሰነድ አንብባችሁ በአንድ ገጽ ጌዴኡፋ ጻፉ፤ ምን ያህል ገንዘብ ለቡና ተመደበ፣ ስንቱ ወጣ፣ በእኛ ወረዳ የት ታየ የሚለውን።

መጠየቅም መብት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ከከለከለ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይቻላል። ይህ አዋጅ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በዞናችን ምን ያህል ገበሬ ተጠቅሞበታል? እኛ ካልተጠቀምንበት ማን ሊጠቀምበት ነው?

ከመንግሥት የምንጠይቀውን ከራሳችን ማኅበርም መጠየቅ አለብን፤ ይህን አለመናገር ሐቀኝነት አይሆንም። ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላቱ ነው ይባላል፤ በጠቅላላ ጉባኤ ግን የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ሴቶች ቡናውን ለቅመው፣ አልጋ ላይ አስጥተው፣ መርጠው ከጉባኤው ይቀራሉ። ትርፍ ክፍፍል ሲነገር ቁጥሩ ብቻ ይነገራል፤ ከየት እንደመጣ አይዘረዘርም። የእንግሊዝ ከሰል ቆፋሪዎች ሰሌዳ ተተክሎላቸው ሒሳብ አላዩም። ዩኒየኑም የእኛ ነው የሚል ሰሌዳ ብቻ እንዳይሆን፣ የማኅበሩ ኦዲት ከጉባኤው አንድ ሳምንት ቀድሞ በመፈልፈያ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ ብላችሁ ጠይቁ። ወጣቱ ዕጣ ገዝቶ አባል ይሁን። አባት ሲሞት ብቻ የሚወረስ ወንበር መሆኑ ይቅር።

አውሮፓ ደግሞ ሌላ ሥራ አምጥቶብናል። የደን ጭፍጨፋን የሚመለከተው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ፣ ተግባራዊነቱ ቢዘገይም፣ እያንዳንዱ ቡና የመጣበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል። ይህ በስልክ ጂፒኤስ የሚሠራ ነው። የጌዴኦን ማሳ ከጌዴኦ ልጅ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ሌላ ሰው መጥቶ ለክቶ መረጃውን ይዞ ከመሄዱ በፊት በየቀበሌው ለክታችሁ መረጃው በማኅበሩ እጅ እንዲቀመጥ አድርጉ። ያው መረጃ የትኛው ማሳ አርጅቷል፣ የትኛው ጉንደላ ይፈልጋል ለሚለውም ያገለግላል። የመሸጋገሪያ ገንዘብ ስንጠይቅ ስንት ቤተሰብ፣ ስንት ሄክታር ብለን ነው የምንጠይቀው፤ በግምት የቀረበ ጥያቄ በግምት ይመለሳል።

በ2010 ዓ.ም. ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ ሲፈናቀል ይህ ወጣት ነበር ውኃ የተሸከመው፣ ምግብ ያከፋፈለው፣ ስም የመዘገበው። ማንም ሳያዘው አደራጀው። ያ ጉልበት አሁንም አለ። ያኔ የመዘገባችሁት የተፈናቀለ ሰው ነበር፤ አሁን የምትመዘግቡት ማሳውንና ገንዘቡን ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ትልቅ ሥራ ተጀምሯል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራርሟል፤ የመንግሥት ድርሻ 40 በመቶ ነው። በዚህ ጊዜ ጥሬ ዕቃው የካሉብ ጋዝ ነው፤ ሠሪውም ማዳበሪያ ፋብሪካ ሠርቶ የሚያውቅ ኩባንያ ነው፤ ከያዩ ይሻላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፣ እንዲሳካም ከልቤ እመኛለሁ። ነገር ግን አርባው በመቶ የሕዝብ ነው ማለት በከፊል የቡና ገበሬው ነው። በዳውሮም በሌላውም ቦታ የድንጋይ ከሰል ልማት በመንግሥት ማበረታቻ እየተስፋፋ ነው፤ ከውጭ የሚገዛውን ማስቀረቱ ደግ ነው፤ ቀረጥ ሲነሣለት፣ ብድር ሲመቻችለት፣ መንገድ ሲሠራለት ያም የሕዝብ ገንዘብ ነው። የያዩ ትውልድ አልጠየቀም፤ አንዳንዱ ፈርቶ፣ አንዳንዱ አያገባኝም ብሎ። የጎዴን ሒሳብ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ መከታተል የዚህ ትውልድ ነው፤ ከኢሉባቦር የቡና ልጆች ጋር፣ ከሲዳማና ከጉጂ ጋር፣ ከአርሲ የስንዴ ገበሬ ልጆችም ጋር አብሮ። ዕዳው የጋራ ከሆነ ጠያቂውም የጋራ መሆን አለበት። የጌዴኦ ወጣት ብቻውን ቢጮህ የአካባቢ ቅሬታ ይባላል።

ጌዴኦ ለዚህ እንግዳ አይደለም። ሶንጎ በምንለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ ትልቅም ትንሽም ቆሞ ይጠየቃል፤ የተቀበለውን አደራ ምን እንዳደረገ ይናገራል፤ ሽማግሌዎች ይሰማሉ። ደራሮ ሲመጣ፣ የቡናው ለቀማ ተጠናቆ ምስጋና ሲቀርብ፣ ሕዝቡ በአንድ ቦታ ይገናኛል። በዚያ ሰሞን ሽማግሌዎችን አስፈቅዳችሁ አንድ ሰዓት ጠይቁ፤ የዓመቱ ቡና ስንት አስገባ፣ ከዚያ ለጌዴኦ ቡና ስንት ተመለሰ የሚለው በጌዴኡፋ ይነበብ። የሚከፋው ባለሥልጣን ቢኖር መልስ ይዞ ይምጣ፤ በክብር ይሰማ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለመጻፍ ግን ደራሮን መጠበቅ አያስፈልግም። ለኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን፣ ለክልሉ ግብርና ቢሮ፣ ለዞኑ ግብርና መምሪያ በየስማቸው የሚላክ አንድ ገጽ ይበቃል። በዚህ በጀት ዓመት ለቡና ጉንደላና ለአዲስ ችግኝ ምን ያህል ገንዘብ ተመደበ? ምን ያህሉ ሥራ ላይ ዋለ? ከዚያ ውስጥ በጌዴኦ ዞን በየወረዳው ስንቱ ደረሰ? ከዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ደግሞ የያዩ ፕሮጀክት የቀረ ዕዳ ስንት ነው፣ የተመነጠረውን ደን ለመመለስስ ምን ታስቧል? ቀን ጻፉበት፣ ፈርሙበት፣ ደረሰኝ ተቀበሉበት። አንዱን ቅጂ በማኅበሩ መዝገብ አስቀምጡ፣ ሌላውን በመፈልፈያ ጣቢያው በር ላይ ለጥፉ፤ ሠላሳው ቀን ከዚያ ዕለት ጀምሮ ይቆጠራል።